እውነተኛ መሪ በየዕለቱ ይማራል

ንባብ፦ የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 5፥ ከቍጥር 1 እስከ 19



ስለ መሪነት በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ስለ ተቀመጠ ሰው ነው፤ ራሳችንንም ከቍጥሩ ውጭ እናደርጋለን። ነገር ግን መሪነት ከቤታችን ደጃፍ ይጀምራል። እንጀራው ባነሰ ቀን ማን አስቀድሞ እንደሚበላ የምትወስን እናት መሪ ናት። ሠላሳ ሕፃናት በፊቱ የተቀመጡለት መምህር መሪ ነው። የዕድር ዳኛ፥ የመዘምራን አለቃ፥ የማኅበር ሽማግሌ፥ ወንጌላዊና ቄስ ሁሉ መሪዎች ናቸው። ታናሽ ወንድሙ የሚከተለው ልጅ እንኳ ሳያውቀው ይመራል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ነገር ለጥቂቶች ብቻ አይደለም።

በዚህ ነገር ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ፊተኛው፦ መሪ በውስጡና በውጭው አንድ ሆኖ እውነተኛ የሚሆነው እንዴት ነው? ኋለኛውም፦ ሥራው ፍሬ የሚያፈራው እንዴት ነው? ብዙ ሰዎች እነዚህ ሁለቱ አብረው የማይሄዱ ይመስላቸዋል። «እውነተኛ ሰው የዋህ ነው፤ ሥራ አያስፈጽምም። ሥራ የሚያስፈጽም ደግሞ ጥቂት መዋሸት፥ ጥቂትም ማስፈራራት አለበት» ይላሉ። የእግዚአብሔር ቃል ግን እንዲህ አያስተምረንም። በነህምያ ሕይወት እውነትና ፍሬ በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው እናያለንና፤ ከእርሱ ጋር ከሱሳ እስከ ኢየሩሳሌም እንሂድ።

አንደኛ፤ መሪ ሌላውን ከመውቀሱ በፊት ራሱን ይናዘዛል።

ነህምያ በሱሳ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ዘመኑም ከጌታችን ልደት በፊት 445 ዓመት ገደማ ነው። እንጀራው አልጐደለም፤ ማዕረጉም ትንሽ አልነበረም። ነገር ግን ወንድሙ ሐናኒ ከይሁዳ መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮችዋም በእሳት እንደ ተቃጠሉ በነገረው ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፥ ጸለየም። ይህን ወሬ ከሰማበት ወር ንጉሡን እስከ ለመነበት ወር ድረስ አራት ወር ያህል አልፎአል። በእነዚያ ወራት አዋጅ አላስነገረም፤ ሰውም አልሰበሰበም። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ቆመ።

በጸሎቱ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር እናስተውል። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ያፈረሱአት ነህምያ ሳይወለድ ነው። ስለዚህ «አባቶቻችን በደሉ፤ እኔ ምን አደረግሁ?» ለማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን በደሉን ሲናዘዝ ራሱንና የአባቱን ቤት ከበደለኞቹ ጋር ቈጠረ። እኛስ በስብሰባችን የምንጀምረው በየትኛው ቃል ነው? አብዛኛውን ጊዜ «እነርሱ» በሚለው ቃል አይደለምን? እነርሱ አይሰጡም፤ እነርሱ አይመጡም፤ ወጣቶቹ አይታዘዙም፤ ሽማግሌዎቹ አይሰሙም እንላለን። በ«እነርሱ» የተጀመረ ስብሰባ በክርክር ይፈጸማል። በ«እኔም» የተጀመረ ግን ለእግዚአብሔር ሥራ በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፤ መሪ በገዛ ዐይኑ ያያል።

ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ተነሥቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጣ፤ ከተቀመጠባት እንስሳ በቀር ሌላ እንስሳ አልነበረውም። የፈረሰውን ቅጥር ተመለከተ። ድንጋዩ በዝቶ እንስሳይቱ የምታልፍበት መንገድ እስከሚጠፋ ድረስ ሄደ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መለከት አላስነፋም፤ ላሰበው ነገርም ለማንም አልተናገረም። ከዚህ በኋላ ነው ሕዝቡን «ኑ፥ እንሥራ» ብሎ የጠራቸው። ያየ ሰው ነበርና ቃሉን ሰሙት።

የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ማርቲን ሉተርም ይህን ትምህርት ተምሮአል። ከ1528 መጨረሻ እስከ 1529 መጀመሪያ በሳክሶን አገር ያሉትን ማኅበሮች ለመጐብኘት ከወጡት አንዱ እርሱ ነበረ። በዚያም ብዙ የገጠር ሰዎች የጌታን ጸሎትና ዐሥሩን ትእዛዛት እንኳ አለማወቃቸውን፥ አንዳንድ ቄሶችም ለማስተማር አለመቻላቸውን በዐይኑ አየ። እጅግ አዘነ፤ ቄሶቹንም በብርቱ ቃል ገሠጸ። ነገር ግን በተግሣጽ ብቻ አላበቃም። የቤት አባት ለልጆቹና ለሠራተኞቹ በቀላል ቃል የሚያስተምርበትን ትንሹን ካቴኪዝም በ1529 አወጣ። ያ ትንሽ መጽሐፍ ዛሬ ድረስ በልጆቻችን እጅ አለ። በመጻሕፍቱ መካከል ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ የሚጐድለው ምን እንደ ሆነ ባላወቀም ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፤ ወሬ ነጋሪ ብቻ አትስማ። ታሞ የቀረውን ሰው ቤት ሄደህ እይ። በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ስሙ ማን ነው? ለምንስ ከሁሉ አስቀድሞ ወጥቶ ይሄዳል? የምትመራውን ሰው ደጃፍ ካላወቅህ፥ ሸክሙን አታውቅም። ስትጐበኝም እንደ ነህምያ በጸጥታ ሂድ፤ መጐብኘትህ እንዲወራልህ አትሻ።

ሦስተኛ፤ መሪ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ሥራ ይሰጣል፤ የሠራውንም ሰው ስም ያከብራል።

የነህምያ መጽሐፍ ሦስተኛው ምዕራፍ በስም የተሞላ ነው። በጉባኤ ሲነበብ አንዳንዶቻችን እናንቀላፋለን። ነገር ግን ይህ ምዕራፍ የአንድ መልካም መሪ ልብ መስተዋት ነው። ካህናት ሠሩ፤ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች ሠሩ፤ የሰሎም ሴቶች ልጆች ከአባታቸው ጋር ሠሩ። ብዙዎቹም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ትይዩ ያለውን ቅጥር አደሱ። ሰው በገዛ ደጁ ፊት ያለውን ክፍተት በቸልታ አያልፈውምና፤ ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። የቤትሐካሪም ግዛት አለቃ መልክያ ደግሞ የጕድፍ መጣያውን በር አደሰ። አለቃ ሆኖ ሳለ ቆሻሻ የሚወጣበትን በር ሠራ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በቅዱስ መጽሐፍ ተጽፎ ይኖራል። ከቴቁሐ ሰዎች መካከል ታላላቆቹ አንገታቸውን ለሥራው አላቀረቡም፤ ይህም ደግሞ ተጽፎአል። የከተማው ታናናሾች ግን ታላላቆቻቸው እንቢ ባሉ ጊዜ ድርሻቸውን ፈጽመው ሁለተኛ ክፍል ጨምረው ሠሩ።

ነህምያ «ቅጥሩን እኔ ሠራሁት» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን የሠራተኞቹን ስም ጻፈ። በአገራችን የወንጌል ታሪክም ይህን የሚያሳስበን ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነሣ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠውን፥ በኋላም በምፅዋ ነፃ የወጣውን ኦነሲሞስ ነሲብን እናስባለን፤ ማሰባችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የቋንቋውን ቃላት በብዙ ሺህ ሰብስባ፥ ተረቱንና ዘፈኑንም ጽፋ ለትርጕሙ ሥራ ታላቅ ረዳት ሆናለች። ስምዋን ስንቶቻችን እናውቃለን? በማኅበራችንም ወንበሩን የሚጠርግ፥ ውሃ የሚቀዳ፥ መብራት የሚያበራ ሰው አለ። መሪ በየሳምንቱ ቢያንስ የአንዱን ስም በምስጋና ይጥራ።

አራተኛ፤ መሪ በራሱ ላይ የሚፈርድ እውነት ይናገራል።

አሁን ወደ ዛሬው ንባብ ደረስን። ቅጥሩ እየተሠራ ሳለ ድሆች ጮኹ። በጠላት ላይ ሳይሆን በወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። በራብ ጊዜ እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘው እህል ተበድረው ነበር፤ ለንጉሡ ግብርም ብር ተበድረው ነበር። ልጆቻቸው ለባርነት ተሰጥተው ነበር። ነህምያ ይህን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ነገር ግን ከመናገሩ በፊት በልቡ አሰበ። ከዚያም ታላላቆቹን ወቀሳቸው፤ ጉባኤም ሰበሰበ።

በዚያ ጉባኤ ፊት የተናገረውን ነገር በቍጥር 10 ተመልከቱ። እርሱና ወንድሞቹ ብላቴኖቹም ለሕዝቡ ገንዘብና እህል እንዳበደሩ አልሸሸገም። «እናንተ ተዉ» ብቻ አላለም፤ «እንተው» አለ እንጂ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነገር እርሱ በአደባባይ አወጣው። ታላላቆቹም መልስ አጥተው ያስያዙትን እርሻ ሊመልሱ ተስማሙ።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ይህን ክፍል ያለ ኀፍረት ልንሰብክ አንችልም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት የገጠር ማኅበር በሽምግልና እናገለግል ነበር። የጸሎት ቤታችን ክዳን ሣር ነበረና ምእመናን በቆርቆሮ ለመክደን ገንዘብ አዋጡ። አንዳንዱ ከበግ ሽያጭ፥ አንዳንዱ ከቀን ሥራ፥ አንዲት አሮጊት እናትም ከዕንቍላል ሽያጭ አመጡ። ገንዘቡ በእኛ በሽማግሌዎች እጅ ተቀመጠ። የዘር ጊዜ ደረሰ፤ ከመካከላችን አንዱ ለዘር ተቸግሮ ጥቂት ወሰደ። «በመከር እመልሳለሁ» አለ፤ እኛም ፈቀድን። ከዚያ ሁለተኛው ወሰደ፤ እኛም ራሳችን ወሰድን። ማናችንም በጽሑፍ አላሰፈርነውም። ሌቦች ነን ብለንም አላሰብንም።

ክረምቱ ገባ፤ ክዳኑም አፈሰሰ። ያች እናት በስብከት ጊዜ ጠብታው ሲወርድባት ነጠላዋን ሰብስባ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ስፍራ ትዛወር ነበር። አንድ እሑድም በደጃፍ ቆማ፦ «ልጆቼ፥ ቆርቆሮው መቼ ይመጣል?» አለችን። «እማማ፥ ዋጋው ጨምሮአል» አልናት። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ዋጋው በእርግጥ ጨምሮ ነበር። ነገር ግን ከግማሽ እውነት የተሠራ መጋረጃ ነበር። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ሄደች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይህን ምዕራፍ በጉባኤ የማንበብ ተራ የእኛ ሆነ። ቍጥር 10 ላይ በደረስን ጊዜ ድምፃችን ተቋረጠ፤ የቀረውን ሌላ ሰው አነበበልን። በዚያች ሌሊት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብን። «ቀስ ብለን በስውር እንመልስ፤ ሕዝቡን አናሰናክል» ያለ ነበረ። ይህ ምክር ለማኅበሩ የሚያስብ ይመስል ነበር፤ የሚያስበው ግን ለእኛ ስም ነበር። በሚመጣው እሑድ በምእመናን ፊት ቆመን፥ ማን ስንት እንደ ወሰደ በስምና በቍጥር ተናገርን። አንዱ በሬውን ሸጦ ከፈለ። ሁለት ቤተ ሰቦች ግን አዝነው ከማኅበሩ ወጡ፤ ለምነናቸውም አልተመለሱም። የኃጢአት ይቅርታ ከእግዚአብሔር ዘንድ በነፃ ይሰጣል፤ በሰው መካከል የፈረሰው መታመን ግን እንደ ቅጥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርጎ ይሠራል።

ያች እናት ከጉባኤው በኋላ ወደ እኛ መጣች። ትገሥጸናለች ብለን ራሳችንን ዝቅ አደረግን። እርስዋ ግን፦ «በጸሎታችሁ ላይ አሜን ማለት ካቆምሁ ብዙ ጊዜ ነው። ከዛሬ ወዲያ አሜን እላለሁ» አለችን። ከዚያ ቀን በፊት በየእሑዱ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጸልይ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት ነፍስ ግን አሜን አትልም ነበር። ከዚያ በኋላ ለገንዘቡ ሣጥን ሁለት ቍልፍ ተደረገለት። አንዱን ከሽማግሌዎች አንዱ፥ ሁለተኛውን ከሴቶች ማኅበር አንዲት እኅት ያዙ። በየወሩም መጀመሪያ እሑድ የገባውና የወጣው በጉባኤ ፊት ይነበብ ጀመር። ቆርቆሮውም በሚመጣው በጋ ተመታ።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንደሚባለው፥ የማኅበር ሕመም ከራሱ ይጀምራል፤ ፈውሱም ደግሞ ከራሱ ሊጀምር ይገባል።

አምስተኛ፤ መሪ ስለ ሕዝቡ ሸክም የራሱን መብት ይተዋል።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት አለ። ነህምያ በይሁዳ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት አለቃ ሆኖ ሳለ ለአለቃ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። ከእርሱ በፊት የነበሩት አለቆች ስለ እንጀራና ስለ ወይን ጠጅ 40 ሰቅል ብር ከሕዝቡ ይወስዱ ነበር፤ ብላቴኖቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ነህምያም ባለ እንግዳ ነበረ። በገበታው 150 ሰዎች ይቀመጡ ነበር፤ በየቀኑም አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች፥ ወፎችም ይዘጋጁ ነበር። ይህ ሁሉ ወጪ ሳለበት ቀለቡን አልጠየቀም፤ እርሻም አልገዛም። ምክንያቱን እርሱ ራሱ ሁለት አድርጎ ይነግረናል፤ እግዚአብሔርን ስለ ፈራ፥ በሕዝቡም ላይ ሥራ ስለ ከበደ ነው።

ይህን ስንል ለሠራተኛ ደመወዝ አይገባውም ማለታችን አይደለም። ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ሥራ እንዲኖር ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 9 አስተምሮአል። ወንጌላዊውን አስርቦ «በእምነት ኑር» የሚል ማኅበር ኃጢአት ይሠራል። ነገር ግን መሪው «ይገባኛል» የሚለውን ቃል ከመናገሩ በፊት «በሕዝቡ ላይ ምን ከብዶአል?» ብሎ ይጠይቅ። ፈተናውም የሚመጣው በትንንሽ ነገር ነው። በሰርግ ቤት የፊተኛው ወንበር፥ ለማኅበሩ አገልግሎት የተገዛውን መኪና ለግል ጉዳይ ማዋል፥ ለዘመድ ልጅ የተደረገ አድልዎ፥ ድሀውን በደጅ አስቀምጦ ባለጠጋውን ማስገባት፤ እነዚህ ሁሉ የአለቃው ቀለብ ናቸው። ሕዝቡ ባይናገርም ያያል።

ስድስተኛ፤ መሪ ከሥራው አይወርድም።

ሰንባላጥና ጦብያ በፌዝ አልቻሉትም፤ በማስፈራራትም አልቻሉትም። በመጨረሻም በኦኖ ቆላ እንገናኝ ተብሎ አራት ጊዜ ተላከበት። ነህምያም አራት ጊዜ አንድ ዐይነት መልስ ሰጠ፤ ታላቅ ሥራ እየሠራ ነውና ሊወርድ እንደማይችል ነገራቸው። በገንዘብ የተገዛ ሰው ደግሞ በቤተ መቅደስ ተሸሽጎ ነፍሱን እንዲያድን መከረው፤ ይህንም እንቢ አለ። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

በእኛ ዘመን አባቶችና እናቶች ያዩትን ምስክር እናንሣ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ፥ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በእርሳቸው የሥራ ዘመን፥ በ1972፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ በባሕር ማዶ ላሉት ረዳቶችዋ በጻፈችው ደብዳቤ የሰው ነፍስና ሥጋ እንዳይለያዩ፥ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል አብረው እንዲሄዱ አሳሰበች። ረዳት ለሆነ ወገን እውነትን በፍቅር መናገር ቀላል አይደለም። ከዚያ የመከራው ዘመን መጣ። ታሰሩ፤ ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢቀርብላቸውም መንጋውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኡራኤል ማኅበር ቃሉን ካገለገሉ በኋላ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር መከራ ተቀበሉ። የቄስ ጉዲና ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በክብር ተቀበረ።

ይህን የተናገርነው በስደት የወጡትን ወገኖቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ ነግሮአቸዋልና። ነገር ግን በታላቁ ቀን አለመውረድ በትንሹ ቀን አለመውረድን ተምሮ የሚገኝ ነው። ስለ ስድብ አለመመለስ፥ ሐሜት በሚነገርበት ገበታ አለመቀመጥ፥ ለከንቱ ክርክር በስልክ ሌሊቱን አለማባከን፤ እነዚህ የየዕለቱ «አልወርድም» ናቸው።

ሰባተኛ፤ መሪ ሥራውን ለሌላ ያስረክባል፤ ራሱም ጌታን ይጠብቃል።

ቅጥሩ ባለቀ ጊዜ ነህምያ ኢየሩሳሌምን ለወንድሙ ለሐናኒና ለግንቡ አለቃ ለሐናንያ ሰጠ። ሐናንያን የመረጠው የታመነ ሰው፥ ከብዙዎችም ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈራ ስለ ነበረ ነው። መሪ ከእርሱ በኋላ ሥራው እንዲፈርስ የሚሻ ከሆነ፥ የሠራው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለራሱ ስም ነበር። ስለዚህ ወጣቱን ዛሬ አቁመው፤ ቢሳሳት አርመው፤ ከአንተ ቢበልጥ አመስግን።

ግን የመጽሐፉን መጨረሻ ደግሞ አንሸሽግ። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ጦብያ በእግዚአብሔር ቤት ግቢ ጓዳ ተሰጥቶት አገኘ፤ ሌዋውያንም ድርሻቸውን አጥተው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር፤ ሰንበትም ተሽሮ ነበር። ቅጥሩ ቆሞ ሳለ ልብ ፈርሶ ነበር። ነህምያም በቍጣው ሰዎችን መታ፥ ጠጕራቸውንም ነጨ። ይህ ታላቅ መሪ ድንጋይን በ52 ቀን አቆመ፤ የሰውን ልብ ግን ሊያድስ አልቻለም። መጽሐፉ የሚፈጸመው «አምላኬ ሆይ፥ አስበኝ» በሚል ልመና ነው። ከሰው መሪዎች የተሻለው እንኳ በመጨረሻ ምሕረት ለማኝ ነው።

ስለዚህ ወደ ሌላ መሪ እንመልከት። ጌታችን ኢየሱስ ከአብ እንደ ወጣ ወደ አብም እንደሚሄድ እያወቀ ከማዕድ ተነሣ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። አሳልፎ የሚሰጠው ሰው እግርም ከታጠቡት መካከል ነበረ። ማንነቱን የሚያውቅ ዝቅ ለማለት አይፈራም። ነህምያ የአለቃውን ቀለብ ተወ፤ ጌታችን ክብሩን ተወ። ነህምያ ከቅጥሩ አልወረደም፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ «ውረድ» ብለው ዘበቱበት፥ እርሱ ግን አልወረደም። ወርዶ ቢሆን ኖሮ ማን ያድነን ነበር? እርሱ ከከተማይቱ በር ውጭ መከራን ተቀብሎ እኛን ወደ ውስጥ አገባን። በየዕለቱ የምንማረው ትምህርት የምንድንበት ሥራ አይደለም፤ ከዳንን በኋላ በምስጋና የምንሄድበት መንገድ ነው። የወደቀ መሪ ካለ ተስፋ አይቍረጥ። ተነሥቶ ይናዘዝ፤ ይመልስ፤ ይቅርታውን ይቀበል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት በጌታ ፊት እነዚህን አራት ነገሮች እንጠይቅ። ዛሬ በገዛ ዐይኔ ያየሁት የማን ሸክም ነው? የማንን ሥራ የእኔ አስመስዬ ተናገርሁ? በግማሽ እውነት የሸፈንሁት ነገር አለን? በጸሎቴ ላይ አሜን ማለት የተወ ሰው በቤቴ ወይም በማኅበሬ ይኖር ይሆን? መልሱ ቢያሳፍረን ሌሊቱን አናሳልፍ። ማለዳ ተነሥተን ወደዚያ ሰው ደጃፍ እንሂድ።

እንጸልይ። የሰማይ አባት ሆይ፤ የተሸፈነውን ሁሉ የምታይ አንተ ነህ። በቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በሥራ ቦታና በማኅበር እንድንመራ አደራ ሰጥተኸናል፤ አደራህን ያጐደልንበትን ይቅር በለን። የምናገለግላቸውን ሰዎች ሸክም አሳየን። በፊትህና በሰው ፊት አንድ ዐይነት ሰዎች አድርገን። ከመስቀሉ ስላልወረደው ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።